ታላቅ የተባለው ፊልም ለምን ለብ አለብን? ስለ ፊልም ኑዋር

ባለፈው ለታናሽ እህቴ «ደብል ኢንደምኒቲ» የሚባለውን የ1944 ፊልም ከፈትኩላት። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ቡና ተፈልቶ፣ «ይሄን ካላየሽ ፊልም አይተሻል አይባልም» ብዬ ፎክሬ ነው የጀመርነው። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ስልኳን አነሳች። ትንሽ ቆይታ ትራስ ሳበች። ሲያልቅ ቀስቅሼ «እህስ?» አልኳት።

«መጥፎ አይደለም።»

ከስድብ የሚብሰው ይሄ ነው። ቢያስጠላት እንኳ እንከራከር ነበር። «ግን እኮ ገዳዩ ማን እንደሆነ ገና ሲጀምር ነገሩን። ከዚያ ወዲያ ምን ልጠብቅ?» ብላ ጨመረች።

ተገቢ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው እነዚህን ፊልሞች ሲያይ አይጠላቸውም፤ ግን አይሞቁትም። እውነቱን ለመናገር እኔም መጀመሪያ እንደሷ ነበርኩ። ሰው ፊት «ማስተርፒስ ነው» እላለሁ፣ ለብቻዬ ስሆን አዛጋለሁ። ነገሩ የተለወጠልኝ ፊልሞቹ ምን ተከልክለው፣ ምን ጎድሏቸው እንደተሠሩ ሳውቅ ነው።

ፊልም ኑዋር ማለት ምንድን ነው?

ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው፤ «ጥቁር ፊልም» ማለት ነው። ባብዛኛው ከ1940ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ የተሠሩ ጥቁርና ነጭ የወንጀል ፊልሞች በዚህ ስም ይጠራሉ። ብዙዎች መነሻውን የጆን ሂውስተን «ዘ ማልቲዝ ፋልከን» (1941)፣ መድረሻውን ደግሞ የኦርሰን ዌልስ «ተች ኦፍ ኢቭል» (1958) ያደርጋሉ።

ባለታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ ተራ ሰው ነው። ኢንሹራንስ ሻጭ፣ ከጦርነት የተመለሰ ወታደር፣ ወይም የግል መርማሪ። የግል መርማሪ ፖሊስ አይደለም፤ በቀን ሒሳብ እየተከፈለው ሰው የሚከታተል ነው። ይህ ሰው አንድ ስህተት ይሠራል። ብዙ ጊዜ እያወቀ ነው የሚሠራው። የቀረው ሁሉ ቁልቁለት ነው።

የሚገርመው ግን ፊልሞቹን የሠሩት ሰዎች ፊልም ኑዋር እየሠሩ እንደሆነ አያውቁም ነበር። ሆሊውድ ውስጥ «የወንጀል ፊልም» ወይም «ሜሎድራማ» ነበር የሚባሉት።

ታዲያ ስሙን ማን አወጣው?

ፈረንሳዮች። ከ1940 እስከ 1944 ፈረንሳይ በጀርመን ተይዛ ሳለ የአሜሪካ ፊልም አይገባም ነበር። ጦርነቱ አልቆ በሩ ሲከፈት የብዙ ዓመት ፊልም በ1946 ክረምት ፓሪስ ላይ በአንዴ ፈሰሰ። ኒኖ ፍራንክ የሚባል ሐያሲ እነዚህን ፊልሞች ተከታትሎ አየና በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ «ጥቁር» ብሎ ጻፈባቸው። የጎረቤትን ልጅ አምስት ዓመት ሳታዩት ቆይታችሁ ድንገት ስታገኙት «ምን አባቱ፣ እንዲህ ረዝሟል?» ትላላችሁ። እናቱ ግን አታየውም፤ በየቀኑ አጠገቧ ነው ያደገው። ፍራንክ እንደ ጎረቤቱ ነው፣ ሆሊውድ እንደ እናቱ።

ይህ ለምን ያስፈልገናል? ኑዋር እንደ ካውቦይ ፊልም አይደለም። የካውቦይ ፊልም የወጥ ስም እንደ ማለት ነው፤ ዶሮ ወጥ ካላችሁ ምን እንደሚመጣ ይታወቃል። ኑዋር ግን የቅመም ስም ነው። የፍቅር ፊልም ላይም፣ የመርማሪ ፊልም ላይም ተነስንሶ ይገኛል። ስለዚህ «ምርጥ 100 ኑዋሮች» የሚል ዝርዝር ስትከፍቱ እጅግ የተዋጣለት ሥራና በጥቂት ቀን ተቀርጾ የተጣለ ተራ ፊልም ጎን ለጎን ተቀምጠው ታገኛላችሁ። እውነቱን እንነጋገር፤ አንዳንዶቹ ደባሪ ናቸው። እናንተ ስላልገባችሁ አይደለም።

ለምንድን ነው እንዲህ የሚጨልመው?

የፊልም መብራት መሠረቱ ሦስት ነው። አንደኛው ዋናው ነው፤ ከአንድ ወገን ፊት ላይ ይበራል። ሁለተኛው ከሌላው ወገን ሆኖ ዋናው የጣለውን ጥላ ያለዝባል፤ ሙሌት እንበለው። ሦስተኛው ከኋላ በርቶ ሰውዬውን ከግድግዳው ይለየዋል። የተለመደው የሆሊውድ አሠራር ሙሌቱን በደንብ ያበራዋል። የተዋናይቷ ፊት እንደ ሠርግ ፎቶ ጥርት ይላል።

የኑዋር ካሜራማኖች ሙሌቱን ቀነሱት። አንዳንዴ ጨርሰው አጠፉት። መብራት በሄደበት ምሽት አንድ ሻማ ብቻ ሲበራ የሰው ፊት ምን እንደሚመስል አስታውሱ። ግማሹ አለ፣ ግማሹ የለም። የገዛ አባታችሁም ቢሆን ትንሽ ያስፈራል።

ይህ ነገር ከየት መጣ? አንዱ ምንጭ ጀርመን ነው። በ1920ዎቹ የጀርመን ፊልም በጥላ መጫወት የተካነ ነበር። ሂትለር በ1933 ሥልጣን ሲይዝ ብዙ የፊልም ሰዎች ሸሹ። ፍሪትስ ላንግ፣ ሮበርት ሲዮድማክ፣ «ደብል ኢንደምኒቲን» የሠራው ቢሊ ዋይልደር ከነሱ መሀል ናቸው። ጥላውን በሻንጣቸው ይዘው ሆሊውድ ገቡ ማለት ይቻላል።

ሌላው ምንጭ ገንዘብ ነው። አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ከገባች በኋላ፣ በ1942፣ መንግሥት አንድ ፊልም ለአዲስ የመድረክ ግንባታ ዕቃ ከ5,000 ዶላር በላይ እንዳያወጣ ገደበ። እንጨቱም ሚስማሩም ለጦርነቱ ይፈለጋል። ግድግዳ ከሌለህ ምን ታደርጋለህ? ታጨልመዋለህ። ኤድጋር ኡልመር በ1945 በሠራት «ዲቱር» በምትባል ርካሽ ፊልም ውስጥ ሁለት ፍቅረኞች በኒውዮርክ ሌሊት ይሄዳሉ። ኒውዮርክ የለችም። ያለው ጭጋግና የመንገድ መብራት ነው። ሲታይ ግን ጭጋጉ የሰዎቹን ዕጣ የሚናገር ይመስላል። ድህነት አንዳንዴ እንዲህ ግጥም ይሆናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ድህነት ብቻ ነው።

«ደብል ኢንደምኒቲ» (አንድ ኢንሹራንስ ሻጭ ከአንዲት ባለትዳር ጋር ሆኖ ባሏን የሚገድልበት ታሪክ ነው) ላይ ደግሞ የሟቹን ሳሎን ልብ በሉ። ፀሐዩ ሽንትር ሽንትር ባለው የመስኮት መጋረጃ ሾልኮ ይገባል። በጨረሩ ውስጥ አቧራ ይንሳፈፋል። ካሜራማኑ ጆን ሳይትዝ ያን አቧራ ለማሳየት የአሉሚኒየም ብናኝ ነው አየር ላይ የበተነው። የመጋረጃው ጥላ ግድግዳው ላይና የሻጩ ልብስ ላይ ሲያርፍ እንደ እስር ቤት ፍርግርግ ይሆናል። ሰውዬው ገና ምንም አላጠፋም።

እዚህ ላይ አንድ ተራ የሚመስል ነገር ልናገር። ይህን ፊልም በጠራራ ቀን፣ መጋረጃው በተከፈተ ሳሎን፣ በስልክ ስክሪን ካያችሁት አላያችሁትም። ኢንተርኔቱ ጨምቆ ሲልከው ጨለማው ውስጥ ያለው ዝርዝር ሁሉ ይጠፋል። የሚቀረው ግራጫ ቅርጽና የሚያወራ ሰው ነው። እኔም እህቴን ያሳየኋት ከምሳ በኋላ፣ ፀሐይ ቴሌቪዥኑ ላይ እያንጸባረቀ ነበር። ጥፋቱ ግማሹ የኔ ነው።

ለምን ነገሩን በግልጽ አይናገሩትም?

አይፈቀድላቸውም ነበር። ሆሊውድ በ1930 ራሱን የሚገዛበት የሥነ ምግባር ደንብ አወጣ፤ የፊልም አምራቾች ማኅበር መሪ በነበረው በዊል ሄይስ ስም «ሄይስ ኮድ» ይባላል። ከ1934 ጀምሮ ደግሞ ጆሴፍ ብሪን የሚባል ሰው አጥብቆ ማስፈጸም ያዘ። የብሪን ቢሮ ማኅተም ያላረፈበት ፊልም ትልልቆቹ ሲኒማ ቤቶች አይገባም። ደንቡ በ1968 በዕድሜ ደረጃ አሰጣጥ እስኪተካ ቆይቷል። በአጭሩ ሳንሱር ነው፤ ልዩነቱ ኢንዱስትሪው ራሱ በራሱ ላይ የጫነው መሆኑ ነው።

ደንቡ ምን ይላል? ወንጀለኛ ተመልካች እንዲያዝንለት ሆኖ አይቅረብ። የግድያው ዘዴ በዝርዝር አይታይ። ዝሙት የሚያስጎመጅ አይምሰል። ወንጀል የሠራ ሳይቀጣ አይለፍ። «ደብል ኢንደምኒቲ» የተወሰደበትን የጄምስ ኬይን ታሪክ ስቱዲዮዎች በ1935 ሊሠሩት ፈልገው ነበር። የብሪን ደብዳቤ ሲደርሳቸው ተዉት። ፊልም ለመሆን ወደ ስምንት ዓመት ጠበቀ። ታሪኩ ደግሞ ያን ያህል ሩቅ አልነበረም፤ በ1927 ኒውዮርክ ውስጥ አንዲት ሴት ከፍቅረኛዋ ጋር ሆና ባሏን ለኢንሹራንስ ገንዘብ ስትገድል የሆነውን ያስታውሳል።

እንግዲህ በግልጽ መናገር የተከለከለ ጸሐፊ ምን ያደርጋል? ይህን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት ከባድ አይደለም። ሰምና ወርቅ ይጀምራል።

የኢንሹራንስ ሻጩ ዋልተር ኔፍና ባለትዳሯ ፊሊስ መጀመሪያ ሲገናኙ ያለውን ምልልስ ውሰዱ። እሱ ዓይኑን ከቁርጭምጭሚቷ አልቦ ላይ መንቀል አቅቶታል። እሷ፣ በዚህ አገር የፍጥነት ወሰን አለ፣ በሰዓት 45 ማይል ነው ትለዋለች። እሱ፣ ስንት ነበር የምነዳው ይላታል፣ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ቆጥሯት። እሷ፣ ወደ 90 ገደማ። ከዚያ ሞተር ሳይክሉ፣ ቅጣቱ፣ ማስጠንቀቂያው እየተባለ ይቀጥላል። ሰሙ ትራፊክ ነው። ወርቁን ማንም አያጣውም፤ የብሪን ቢሮም አላጣውም። ግን ስለ ትራፊክ የሚያወሩ ሁለት ሰዎችን በምን ይከሳቸዋል?

ችግሩ ይህ ምልልስ እጅግ ፈጣን ነው። በ1940ዎቹ የሎስ አንጀለስ አራዳ ቋንቋ ነው። ዛሬ አሜሪካዊ ወጣትም ግማሹ ያመልጠዋል። ከሥር የሚጻፈው ትርጉም ደግሞ ሰሙን ብቻ አንስቶ ወርቁን ይጥላል። እኛ ሁለት ሰዎች ስለ መኪና ፍጥነት ሲያወሩ እናያለን። ቅኔን በቃል በቃል ትርጉም እንደ መስማት ነው። ቢቀዘቅዝብን ምን ይገርማል?

መጨረሻውን ከነገሩኝ ምን አያለሁ?

ይሄ የእህቴ ጥያቄ ነው። ፊልሙ ሲጀምር ኔፍ ትከሻው ላይ ቆስሎ፣ በሌሊት ወደ ቢሮው ይገባል። ድምፅ መቅጃ ከፍቶ ለባልደረባው፣ ለድርጅቱ የካሳ ክፍል ኃላፊ ለኪይስ ይናዘዛል። ገደልኩት ይላል። ለገንዘብና ለሴት ብዬ፤ ገንዘቡንም አላገኘሁ፣ ሴቲቱንም አላገኘሁ ይላል። (ያን ጊዜ የቢሮ ድምፅ መቅጃ በሰም ሲሊንደር ላይ ነበር የሚቀዳው። ኑዛዜው ቃል በቃል ሰም ላይ ነው ያለው። ሰምና ወርቅ ብዬ ለጀመርኩት ለኔ ይሄ ሲሳይ ነው።)

የዛሬ ተመልካች የለመደው ሌላ ነው። «ማን ገደለው?» የሚለውን እየተከተለ መጨረሻ ላይ መደንገጥ ይፈልጋል። ስፖይለር የነገረው ሰው ጠላቱ ነው። ኑዋር የሚጠይቀው ግን «ማን?» ብሎ አይደለም። «እንዴት እዚህ ደረሰ?» ብሎ ነው።

ልቅሶ ቤት ስትገቡ ሰውዬው መሞቱን ታውቃላችሁ። ታውቃላችሁና ነው የመጣችሁት። ቢሆንም ተቀምጣችሁ «እንዴት ሆነ?» ትላላችሁ። አንዱ ይጀምራል። «ጠዋት ደህና ነበር፣ ቁርሱን በልቶ ወጣ…» መጨረሻውን ስለምታውቁ ነው ቁርሱ የሚከብደው። ኑዋር ልክ እንደዚያ ነው የሚተርከው። ለዚህም ነው የሟች ወይም ሊሞት የተቃረበ ሰው ድምፅ ከላይ ሆኖ የሚተርክልን። ወደ ኋላ ተመልሶ መተረክ፣ ምልሰት የምንለው፣ እዚህ ጌጥ አይደለም፤ የፊልሙ አጥንት ነው።

ይህን ይዛችሁ የመኪናዋን ትዕይንት እዩ። ባልየው እግሩ ተሰብሯል፣ በክራንች ነው የሚሄደው። ኔፍ ከኋላ ወንበር ተደብቋል። ፊሊስ ትነዳለች። ምልክቱ ሦስት ጊዜ ክላክስ ነው። ክላክሱ ይጮሃል፤ ግድያው ይፈጸማል፤ ካሜራው ግን የሷን ፊት ብቻ ይዞ ይቆያል። ደንቡ ግድያውን ማሳየት ከለከለ። ዋይልደር በምትኩ የባሰውን አሳየ። ፊቷ ላይ ምን እንዳለ እዩት።

ኢንሹራንሱ የባቡር አደጋ ከሆነ ካሳውን እጥፍ ይከፍላል፤ የፊልሙም ስም «ድርብ ካሳ» ማለት ነው። ስለዚህ ሬሳውን ሐዲድ ላይ ይጥሉታል። ተመልሰው መኪና ውስጥ ይገባሉ። ፊሊስ ቁልፉን ታዞራለች። አይነሳም። እንደገና። አይነሳም። ሁለቱ ይተያያሉ። እዚህ ጋ አንድ የሚያሳፍር ነገር ይደርስባችኋል፤ መኪናው እንዲነሳ ትፈልጋላችሁ። እንደሚያዙ ታውቃላችሁ፣ ነፍሰ ገዳዮች መሆናቸውን ታውቃላችሁ፣ እንደዚያም ሆኖ «በናትህ ተነሳ» ትላላችሁ። ገዳዩን ማን እንደሆነ ባትነገሩ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

ታሪኩ ግራ ቢያጋባኝስ?

ያጋባል። በ1946 የወጣውን የሃዋርድ ሆክስን «ዘ ቢግ ስሊፕ» አይቶ ሁሉንም የተከታተለ ሰው ካለ ውሸታም ነው። በቀረጻ ጊዜ አንድ ሾፌር ማን እንደገደለው ስላልተግባቡ ለልቦለዱ ደራሲ ለሬይመንድ ቻንድለር ቴሌግራም ላኩለት። እሱም አያውቅም ነበር። በኋላ ፊልሙ ሲታረም ታሪኩን የሚያብራራው ትዕይንት ወጣና የዋናዎቹ ተዋናዮች፣ የሃምፍሪ ቦጋርትና የሎረን ባኮል ትዕይንት በዛ። ስለዚህ ክሩን ፍለጋ አትድከሙ፤ ሁለቱን ሰዎች እዩ።

ሴቶቹስ ለምን ሁሌ ተንኮለኛ ናቸው?

ሁሌ አይደለም፤ ግን ወንዱን አጥምዳ የምትጥለው ሴት የዘውጉ መለያ ሆናለች። በጦርነቱ ጊዜ ሚሊዮን ሴቶች ፋብሪካ ገብተው ደሞዝተኛ ሆኑ። ወንዶቹ ሲመለሱ ያገኟት ሚስት ጥለዋት የሄዷት አይደለችም። ብዙ ተንታኞች የኑዋርን ሴት ከዚህ ፍርሃት ጋር ያያይዟታል። ዛሬ ሲታይ ያበሳጫል፤ ሊያበሳጭም ይገባል። ሆኖም ባርባራ ስታንዊክን ፊሊስ ሆና ስታዩ፣ በፊልሙ ውስጥ የምታስበው እሷ ናት። ወንዱ የሚያስብ ይመስለዋል።

ሌላም ነገር አለ። በስሙ «ጥቁር» ይባል እንጂ ጥቁር ሰው እዚያ ውስጥ ባብዛኛው ሻንጣ ተሸካሚ ወይም ጋራዥ ጠባቂ ነው። ኔፍ በግድያው ሌሊት ቤት እንደነበር እንዲመሰክርለት የሚጠቀምበት ቻርሊ መኪና የሚያጥብ ጥቁር ሠራተኛ ነው። መጥቶ፣ ተጠቅመውበት፣ ይሄዳል።

ታዲያ ለምን ቀድሜ ያየሁት ይመስለኛል?

ስላያችሁት ነው። ዝናብ ያረሰረሰው አስፋልት፣ ባርኔጣ የደፋ መርማሪ፣ የደከመ ድምፅ የሚተርከው ታሪክ፣ ከ«ቻይናታውን» (1974) እስከ «ብሌድ ራነር» (1982)፣ እስከ ማስታወቂያና ካርቱን ድረስ ተቀድቷል። አንድን ቀልድ ከአሥር ሰው ሰምታችሁ በመጨረሻ ቀልዱን ከፈጠረው ሰውዬ ብትሰሙት አትስቁም። ሰውዬው ግን አልኮረጀም።

የጠፋብን ነገርም አለ። ኔፍን የሚጫወተው ፍሬድ ማክመሪ ያን ጊዜ የቀላል አስቂኝ ፊልም ሰው ነበር፣ ሁሉም የሚወደው ደግ ፊት። የምትወዱት ኮሜዲያን ድንገት ከኋላ ወንበር ተነስቶ ሰው ሲያንቅ አስቡት። የ1944 ተመልካች ያ ድንጋጤ ነበረው። እኛ ሰውዬውን አናውቀውምና ኮት የለበሰ ፈረንጅ ብቻ ነው የምናየው።

ከየት ልጀምር?

አጭር ከፈለጋችሁ «ዲቱር»፤ 70 ደቂቃ አይሞላም። ጥላ ከፈለጋችሁ የዣክ ተርነር «አውት ኦፍ ዘ ፓስት» (1947)። ከተማ ከፈለጋችሁ በፈረሰችው ቪየና የተቀረጸው የካሮል ሪድ «ዘ ሰርድ ማን» (1949)፤ እሱ የእንግሊዞች ነው፣ ካሜራው ሰክሮ የቆመ ይመስላል። «ዘ ቢግ ስሊፕን» አታስቀድሙ። ማታ እዩ። መብራት አጥፉ። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡት።

«ደብል ኢንደምኒቲን» ካያችሁ ደግሞ ክብሪቱን ተከታተሉ። ባልደረባው ኪይስ ሲጋሩን አፉ ላይ ሰክቶ ኪሶቹን ይዳብሳል፤ ክብሪት ኖሮት አያውቅም። ኔፍ በየጊዜው ክብሪቱን በአውራ ጣቱ ጥፍር ጭሮ ይለኩስለታል።  መጨረሻ ላይ ኔፍ በሩ ሥር ወድቆ፣ ደሙ እየፈሰሰ፣ ሲጋራ ያወጣል። ክብሪቱን ለመጫር አቅም የለውም። በዚህ ጊዜ የሚጭርለት ኪይስ ነው።

እህቴ ተኝታ ያመለጣት ይሄ ነበር። ማታ መብራት አጥፍቼ ያቺን ትዕይንት ብቻ አሳየኋት። ትንሽ ዝም ብላ፣ «ቆይ፣ ክብሪቱ መጀመሪያ ላይም ነበር እንዴ?» አለችኝ።